ጉዳይና ዕጩ በአንድ ሚዛን፦ መራጮች በ1980ው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እንዴት ወሰኑ?

አጠቃሎ

በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ መራጩ የሚመዝነው የፖሊሲ ጉዳዮችን ነው ወይስ ዕጩዎቹን? ይህ ጥያቄ በምርጫ ጥናት ዘርፍ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ይህ አጭር ጽሑፍ ጂሚ ካርተርና ሮናልድ ሬገን በተፎካከሩበት የ1980 የአሜሪካ ምርጫ ላይ ተመሥርቶ፣ ጥያቄው በ«ወይስ» መቅረቡ ራሱ አሳሳች መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ መራጩ ሁለት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ያነሣል። የመጀመሪያው «በሥልጣን ላይ ያለው ሊቀጥል ይገባዋልን?» የሚል ሲሆን መልሱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከጉዳዮች ነው። ሁለተኛው «ተተኪው ይታመናልን?» የሚል ሲሆን መልሱ ከዕጩው ይገኛል። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አለመለየት የምርጫን ውጤት አሳስቶ ወደ መተርጎም ይመራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ኖቬምበር 4 ቀን 1980 በተካሄደው ምርጫ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ሬገን ከሕዝቡ ድምፅ 50.7 በመቶ አገኙ። በሥልጣን ላይ የነበሩት የዴሞክራቲክ ፓርቲው ካርተር 41 በመቶ፣ በግል የተወዳደሩት ጆን አንደርሰን ደግሞ 6.6 በመቶ አገኙ። በመራጭ ወኪሎች ድምፅ ሲሰላ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነበር፤ 489 ለ49። በዚያው ቀን ሪፐብሊካኖች በሴኔቱ 12 ተጨማሪ መቀመጫዎች በማግኘት ምክር ቤቱን ተቆጣጠሩ።

ቁጥሩ አላከራከረም፤ ያከራከረው ትርጉሙ ነው። የአሸናፊው ደጋፊዎች ሕዝቡ ለአንድ የተሟላ ፕሮግራም፣ ማለትም ለግብር ቅነሳ፣ ለመከላከያ ወጪ ጭማሪና ለመንግሥት ሚና መጥበብ፣ አደራ እንደ ሰጠ ተናገሩ። ሌሎች ደግሞ ሕዝቡ አንድን ፕሬዚዳንት አሰናበተ እንጂ ለአንድ ርዕዮተ ዓለም ድምፅ አልሰጠም ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ከትምህርት ክፍል የማይወጣ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ምርጫ እንዴት እንደሚተረጎም የቀጣዩን ሕግ ዕጣ ይወስናልና፣ በ1981 ሰፊው የግብር ቅነሳ ሕግ በኮንግረስ ሲያልፍ የምርጫው ውጤት እንደ ዋና መከራከሪያ ቀርቧል። ስለዚህ መራጩ በእርግጥ የመዘነው ምን ነበር የሚለው ጥያቄ፣ በሕዝብ ስም የሚወሰደው እርምጃ ከሕዝቡ ፈቃድ ምን ያህል ይዛመዳል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው።

2. ንድፈ ሐሳባዊ ዳራ

ስለ መራጮች ውሳኔ የሚቀርቡት ማብራሪያዎች በሦስት ፈርጅ ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ማኅበራዊ ማብራሪያ ነው። ፖል ላዛርስፌልድና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1940 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በኢሪ አውራጃ ተመሳሳይ ሰዎችን በምርጫው ዘመቻ ወራት እየተመላለሱ በመጠየቅ፣ የመራጩ ውሳኔ ከሃይማኖቱ፣ ከኑሮ ደረጃውና ከመኖሪያ ስፍራው ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። በእነርሱ ግኝት መሠረት ዘመቻ ነባሩን ዝንባሌ ያጠናክራል እንጂ የሰውን ሐሳብ እምብዛም አያስለውጥም።

ሁለተኛው ሥነ ልቡናዊ ማብራሪያ ነው። አንገስ ካምቤል፣ ፊሊፕ ኮንቨርስ፣ ዋረን ሚለርና ዶናልድ ስቶክስ በ1960 ባሳተሙት የሚሺጋን ጥናት ሦስት ነገሮችን ለይተዋል፦ የፓርቲ ወገንተኝነት፣ ለጉዳዮች ያለ አመለካከትና ስለ ዕጩዎች ያለ ግምት። ከእነዚህ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው የፓርቲ ወገንተኝነት ነው። እርሱ እንደ መነጽር ሆኖ ሌሎቹን ሁለቱን ያቀልማል። ጉዳዮችና ዕጩዎች ግን ከምርጫ ወደ ምርጫ ስለሚለዋወጡ፣ ውጤት ከምርጫ ምርጫ የሚለየው በእነርሱ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው መራጩን እንደ አስተዋይ ፈራጅ የሚያይ ማብራሪያ ነው። አንተኒ ዳውንስ በ1957 መራጩ ለራሱ አቋም ቅርብ የሆነውን ተወዳዳሪ ይመርጣል የሚል ሞዴል አቀረቡ። ቪ. ኦ. ኪ በ1966፣ ሞሪስ ፊዮሪና ደግሞ በ1981 ይህንን በማሻሻል መራጩ ከወደፊቱ የተስፋ ቃል ይልቅ ያለፈውን የሥራ ውጤት እንደሚመዝን አስረዱ። በዚህ እይታ መራጩ የምጣኔ ሀብት ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም። ኑሮው እንደከበደው ወይም እንደቀለለው ማወቁ ይበቃዋል።

ለዚህ ጽሑፍ እጅግ የሚጠቅመው ስቶክስ በ1963 ያስቀመጡት ልዩነት ነው። አንዳንድ ጉዳዮች አቋምን ይከፍላሉ፤ በጽንስ ማቋረጥ ላይ አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። ሌሎቹ ግን የጋራ ግብ ያላቸው ናቸው፤ የዋጋ ንረትን የሚወድ፣ የአገሩን ውርደት የሚመኝ መራጭ የለም። በሁለተኛው ዓይነት ጉዳይ ላይ ጥያቄው «ምን ይደረግ?» ሳይሆን «ማን ይችላል?» የሚል ይሆናል። እዚህ ላይ ጉዳዩና ዕጩው ይገናኛሉ፤ ጉዳዩ ዕጩው የሚለካበት ክንድ ይሆናል።

3. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በሥልጣን ላይ ያለው ይቀጥልን?

ካርተር በ1976 ጀራልድ ፎርድን ሲያሸንፉ ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ የዋጋ ንረትንና የሥራ አጥነትን መቶኛ በመደመር የሚገኘው የችግር መለኪያ ነበር። ያ ድምር በ1976 13 ገደማ ሲሆን በ1980 ከ20 በላይ ሆነ። ሬገንም ካርተርን በራሳቸው መለኪያ ለኳቸው።

ዝርዝሩን ስንመለከት ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እናገኛለን። የ1980 አማካይ የሥራ አጥነት መጠን 7.1 በመቶ ሲሆን፣ ፎርድ ከተሸነፉበት ከ1976ቱ 7.7 በመቶ ያነሰ ነበር። የከፋው ዋጋ ነው፤ የዋጋ ንረቱ ከ6 በመቶ ገደማ ወደ 13.5 በመቶ አሻቀበ። ባንኮች ለዋና ደንበኞቻቸው የሚያስከፍሉት የብድር ወለድም በ1980 የጸደይ ወራት 20 በመቶ ደረሰ። ሥራ አጥነት ሥራውን ያጣውን ይጎዳል፤ የዋጋ ንረት ግን ገበያ የሚወጣውን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ አንድ ጉዳይ በምርጫ የሚኖረው ክብደት በመጠኑ ብቻ ሳይሆን የስንቱን ሰው ቤት ያንኳኳል በሚለውም ይወሰናል።

የጉዳይ ክብደት የማይለወጥ አለመሆኑን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የኢራን ታጋቾች ጉዳይ ነው። ኖቬምበር 4 ቀን 1979 በቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሲያዝ፣ ከ40 በመቶ በታች የነበረው የካርተር ተቀባይነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዘለለ። ሕዝቡ በአደጋ ጊዜ በመሪው ዙሪያ ስለተሰበሰበ ይህ ድጋፍ ካርተርን በፓርቲያቸው ውስጥ ከተነሣባቸው ከኤድዋርድ ኬኔዲ ፉክክር ታደጋቸው። ወራት ሲያልፉና በኤፕሪል 1980 የተሞከረው የማዳን ዘመቻ ስምንት ወታደሮችን አሳጥቶ ሲከሽፍ ግን ያው ጉዳይ የአቅም ማነስ ምስክር ሆነ። አጋጣሚ ሆኖ የምርጫው ቀን ከእገታው አንደኛ ዓመት ጋር ገጠመ፤ 52 አሜሪካውያንም ገና በእስር ላይ ነበሩ። ጉዳዩ አንድ ነው፤ በጥርና በኅዳር ግን ሚዛኑን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ አዘነበለ።

4. ሁለተኛው ጥያቄ፦ ተተኪው ይታመናልን?

ጉዳዮች ብቻቸውን ውጤቱን የሚወስኑ ቢሆን ኖሮ ውድድሩ ገና በበጋው ባለቀ ነበር። ይሁንና እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ የአስተያየት ጥናቶች ፉክክሩ ተቀራራቢ እንደሆነ ያመለክቱ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ካርተር እንደሚመሩ ይጠቁሙ ነበር። በካርተር ያዘነው መራጭ ለምን አመነታ?

መልሱ በዕጩው ላይ የነበረው ሥጋት ነው። ሬገን 69 ዓመታቸው ነበር። የቀድሞ የፊልም ተዋናይ መሆናቸው፣ በሶቪየት ኅብረት ላይ የነበራቸው የከረረ አቋምና ቀደም ሲል ስለ ማኅበራዊ ዋስትና የተናገሯቸው ቃላት ጥርጣሬ ፈጥረው ነበር። በእኛ አነጋገር «ከማታውቀው መልአክ የምታውቀው ሰይጣን ይሻላል» የሚል ስሜት ብዙዎችን ይዞ ነበር። የካርተር ዘመቻም ይህንን በሚገባ ተረድቷል። በመጀመሪያው ጥያቄ ማሸነፍ ስለማይችል ምርጫውን በሙሉ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ሊያዞር ሞከረ፤ ተፎካካሪያቸውን ለኑክሌር ዘመን የማይበጁ አድርጎ አቀረበ።

ኦክቶበር 28 ቀን በክሊቭላንድ የተካሄደው የሁለቱ ብቸኛ ክርክር ትርጉም የሚገባን በዚህ መነሻ ነው። ሬገን ረጋ ብለው፣ አልፎ አልፎም ፈገግ እያሉ ተከራከሩ። በመዝጊያ ንግግራቸው መራጩ ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው የተሻለ ኑሮ እየኖረ እንደሆነ ራሱን እንዲጠይቅ ጋበዙት። አነጋገራቸው ሁለተኛውን ጥያቄ አቀለለ፤ የጠየቁት ጥያቄ ደግሞ መራጩን ወደ መጀመሪያው መለሰው። ክርክሩ አዲስ ጉዳይ አላመጣም፤ በነባሩ ጉዳይ እንዲፈርድ የሚያመነታውን መራጭ ነጻ አወጣው ማለት ይቻላል።

ጆን ፔትሮሲክ በ1996 ያቀረቡት፣ የ1980ን ምርጫ እንደ ማሳያ የወሰደው ጥናት ይህንን ከሌላ አቅጣጫ ያግዛል። በእርሳቸው አባባል እያንዳንዱ ፓርቲ በመራጩ ዘንድ «ይህንን ይችልበታል» የሚባልበት የራሱ ጉዳይ አለው። ስለሆነም የዘመቻ ዋና ትግል መራጩን በአንድ ጉዳይ ላይ ማሳመን ሳይሆን፣ የትኛው ጉዳይ መለኪያ ይሁን በሚለው ላይ ነው።

5. የአቋም ጉዳዮች የት ገቡ?

ከላይ የተባለው የአቋም ልዩነቶች ዋጋ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ለሬገን የሰጡት ድምፅ በግልጽ ያነሰ ሲሆን፣ በጦርነትና ሰላም እንዲሁም በሴቶች መብት ላይ የነበረው የአመለካከት ልዩነት ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳል። የመከላከያ ወጪ እንዲጨምር የሚፈልገው ሕዝብም በዚያን ጊዜ ብዙ ነበር። በሌላ በኩል የሴቶችን እኩልነት በሕገ መንግሥት ለማጽናት የቀረበውን ማሻሻያ አብዛኛው ሕዝብ ሲደግፍ ሬገን ይቃወሙት ነበር፤ ሆኖም አሸንፈዋል። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ የተጠየቁ የሬገን መራጮች በብዛት የጠቀሱት ምክንያት ለውጥ ማስፈለጉን ነው፤ የሬገንን ወግ አጥባቂነት የጠቀሱት ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ራሳቸውን ዴሞክራት ብለው ከጠሩት መራጮች ሩብ ያህሉ ለሬገን ድምፅ መስጠታቸውም ከርዕዮተ ዓለም ለውጥ ይልቅ ከስንብት ፍርድ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

6. ለተመራማሪዎች ሦስት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፣ መራጩ የሚሰጠው ምክንያት ውሳኔውን ያስከተለው ምክንያት ላይሆን ይችላል። ሰው በሌላ ምክንያት የወደደውን ዕጩ የራሱን አቋም ያላብሰዋል። በአንድ ጊዜ መጠይቅ ብቻ የአቋም መቀራረብን አይቶ «መራጩ በጉዳይ መረጠ» ብሎ መደምደም ስለዚህ ያሳስታል። መፍትሔው ተመሳሳይ ሰዎችን ከዘመቻው በፊት ጀምሮ በተለያየ ጊዜ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ክስተቶች ሲደራረቡ ምክንያትን መለየት ይከብዳል። በምርጫው የመጨረሻ ሳምንት ክርክሩ ተካሄደ፤ እሑድ ኖቬምበር 2 ደግሞ የኢራን ፓርላማ ታጋቾቹን ለመልቀቅ ያስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች ተሰምተው ካርተር ዘመቻቸውን አቋርጠው ወደ ዋሽንግተን ተመለሱ። የመጨረሻውን መንሸራተት ለአንዱ ብቻ መስጠት ማስረጃው የማይሸከመው ድምዳሜ ነው።

ሦስተኛ፣ መጠይቅ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲሻገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1995ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ናቸው። መራጩ ድምፁን የሚሰጠው በምርጫ ክልሉ ለቀረበ ዕጩ ነው። በመሆኑም «ተተኪው ይታመናልን?» የሚለው ጥያቄ በፓርቲው፣ በመሪውና በአካባቢው ዕጩ መካከል ይከፋፈላል። ለፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት የተዘጋጀን መጠይቅ ቃላቱን ብቻ ተርጉሞ መጠቀም ይህንን ክፍፍል ይሸፍናል።

7. ማጠቃለያ

የ1980 መራጮች ጉዳይን ትተው ሰውን፣ ወይም ሰውን ትተው ጉዳይን አልመረጡም። በጉዳዮች በሥልጣን ላይ ባለው ላይ ፈረዱ፤ ፍርዱን ለማስፈጸም ግን ተተኪው የማያሰጋ መሆኑን እስኪያረጋግጡ ጠበቁ። ይህ ትርጓሜ ትክክል ከሆነ ለአሸናፊው የተሰጠው አደራ ውጤት እንዲያሳይ እንጂ እያንዳንዱን የፕሮግራሙን አንቀጽ እንዲፈጽም አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነውም ይህንን ያጠናክራል። በ1982 መገባደጃ የሥራ አጥነት መጠን ከ10 በመቶ ሲያልፍ የሬገን ፓርቲ በተወካዮች ምክር ቤት 26 መቀመጫዎችን አጣ። ኢኮኖሚው ባገገመበት በ1984 ደግሞ ሬገን በ49 ክፍለ ግዛቶች አሸነፉ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት የሬገን ርዕዮተ ዓለም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአገሪቱ ኑሮ ነበር። ካርተር የተመዘኑበት ሚዛን ተተኪያቸውንም መዘነ።