ፈጥኖ የጮኸ ሁሉ ኃይለኛ አይደለም

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ሲከበር፥ የድምፅ መሣሪያውን የማዘጋጀት ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። ሁለት አምፕሊፋየሮች ቀርበውልኝ በየተራ ከአንድ ሚክሰር ጋር ሳገናኛቸው፥ አንደኛው ማዞሪያው ገና ከግማሽ ሳይደርስ አዳራሹን ስለ ሞላው፥ «ኃይለኛው ይህ ነው» ብዬ መረጥሁት። መዝሙሩ በተጀመረ ጊዜ ግን ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ባዞረው ድምፁ ተሰነጣጠቀ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከርም ተቃጠለ። በወላጆች ፊት አፍሬ የተማርሁትን ለጓደኞቼ ባካፍል መልካም መስሎ ታየኝ።

በአምፕሊፋየር መመሪያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። አንደኛው መሣሪያው ድምፁን ሳያበላሽ ለስፒከሩ የሚሰጠው ኃይል ሲሆን በዋት ይነገራል። ሁለተኛው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ማዞሪያው በሙሉ ተከፍቶ ሳለ፥ መሣሪያው ያን ኃይል እንዲሰጥ በመግቢያው ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ያመለክታል።

መመሪያዎቹን ኋላ ባነባቸው፥ የመረጥሁት በ8 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት የሚሰጥና ግማሽ ቮልት የሚበቃው ነበር። የተውሁት ደግሞ 200 ዋት የሚሰጥና 1.4 ቮልት የሚፈልግ ነበር። የቮልቱ ካሬ ለኦሙ ሲካፈል ዋቱን ስለሚሰጥ፥ ትንሹ ለ50 ዋት 20 ቮልት፥ ትልቁ ለ200 ዋት 40 ቮልት ማውጣት አለባቸው። እንግዲህ ትንሹ የገባለትን 40 ጊዜ ሲያበዛ፥ ትልቁ የሚያበዛው 28 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ሩብ ቮልት ቢገባላቸው ትንሹ 12.5 ዋት፥ ትልቁ 6 ዋት ያህል ይሰጣሉ። እኔን ያታለለኝ ይህ ነው።

አሁን 1 ቮልት እናስገባ። ትልቁ 28 ቮልት፥ ማለት 100 ዋት ያህል ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል። ትንሹ ግን 40 ቮልት ላውጣ ቢል በውስጡ ያለው የመጋቢው ቮልት ጣራ ይሆንበታል፤ የሞገዱም ጫፍ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞገድ ንጹሕ ድምፅ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ጩኸትና ሙቀት ነው፤ ትንሹን ስፒከር ያቃጠለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ማዞሪያው እንደ በርሜል ቧንቧ ነው፤ ስፋቱ በርሜሉ የያዘውን ውሃ አይናገርም። ጓደኞቼ ሆይ፥ ለሚመጣው በዓል መሣሪያ ስትመርጡ አስቀድማችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ፤ ድምፁም መሰንጠቅ ሲጀምር ማዞሪያውን ወደ ኋላ መልሱ።