የሚያነክስ ተማሪና የዳሌ ዐጥንት መንሸራተት

ዕድሜው ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆነ ልጅ ጭኔን ወይም ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ማነከስ ሲጀምር፥ ብዙ ሰው ነገሩን በጨዋታ የመጣ ወለምታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ብዙውን ጊዜም እንዲሁ ይሆናል። ነገር ግን አንዳንዱ ልጅ በቶሎ በቀዶ ሕክምና ካልተረዳ ዕድሜውን ሙሉ አንካሳ ሊሆን ስለሚችል፥ በዚህ ወር ስለዚሁ ሕመም ጥቂት እንገልጻለን።

የጭን ዐጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። በሚያድግ ልጅ ዘንድ ይህ ራስ ከአንገቱ ጋር የሚያያዘው ዐጥንቱ በሚረዝምበት ልም ዐጥንት ነው። ልጁ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ልሙ ዐጥንት ይደክማል፤ የሰውነት ክብደት ሲጫነውም ራሱ በጎድጓዳው ሲቀር አንገቱ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይንሸራተታል። ሕመሙ በወንዶችና በወፍራም ልጆች ይበዛል፤ ይሁን እንጂ ሴቶችንና ቀጭኖችንም ያገኛል።

ምልክቱ ማነከስ፥ የእግር ወደ ውጭ መዞር፥ እንዲሁም የብሽሽት፥ የጭን ወይም የጉልበት ሕመም ነው። ከዳሌ የተነሣ ሕመም በነርቭ መንገድ በጉልበት ስለሚሰማ፥ ጉልበቱ ብቻ በራጅ ታይቶ «ደኅና ነው» ተብሎ የሚመለስ ልጅ አለ። ስለዚህ ሁለቱም ዳሌዎች ከፊትና ከጎን በራጅ መታየት ይገባቸዋል።

በምርኩዝ እንኳ መቆም ያቃተው ልጅ ከሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ራሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች ከተጎዱ ዐጥንቱ ይሞታልና። ወጌሻ ቢያሸው ወይም ቢስበውም መንሸራተቱን ያብሰዋል።

ሐኪሙ ልጁን በማደንዘዣ አስተኝቶ፥ በራጅ እየተመለከተ፥ በትንሽ ቀዳዳ አንድ የብረት ብሎን በአንገቱ በኩል እስከ ራሱ ያስገባል። የተንሸራተተውን በኃይል መመለስ የደም ሥሮቹን ስለሚጎዳ፥ ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቸነከራል። የሥራው ዓላማ መንሸራተቱን ማቆምና ልሙ ዐጥንት እንዲገጥም ማድረግ ነው። እግሩ እጅግ ያጥራል ብለው ወላጆች አይፍሩ፤ እግር ይበልጡን የሚረዝመው በጉልበት አጠገብ ነውና። ሁለተኛው ዳሌም ሊንሸራተት ስለሚችል፥ ልጁ ዕድገቱን እስኪጨርስ በሐኪም ይታይ።

እንግዲህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፦

1ኛ. ያለ ግልጽ ምክንያት የሚያነክሰውን ልጅ ከሩጫና ከዝላይ አሳርፉት፤ ሰንፏል ብላችሁም አትቅጡት።

2ኛ. በእግሩ ሳይሄድ በመኪና ወይም በቃሬዛ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

3ኛ. ጉልበቱን ብቻ ቢያመውም፥ ዳሌው እንዲመረመር ሐኪሙን ጠይቁ።

መንሸራተቱ ትንሽ ሳለ የተቸነከረ ዳሌ ብዙውን ጊዜ በደኅና ያገለግላል፤ የዘገየ ግን ገና በጉልምስና ዕድሜ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል።