ወቅታዊ የፕላስቲክ ዳስ በባሌ ደጋ፦ የጥበቃ ጥቅሙ በምን ይመዘን?

መግቢያ

ወቅታዊ የፕላስቲክ ዳስ በቅስት መልክ በተተከለ የብረት ወይም የእንጨት ማገር ላይ ፕላስቲክ አልብሶ፣ ያለ ማሞቂያ በፀሐይ ሙቀት ብቻ አትክልት የሚለማበት ቤት ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በ38 ክፍለ ግዛቶች የሦስት ዓመት ሙከራ ሲጀምር ዳሱን የደገፈው በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ፕሮግራሙ በኩል ነበር፤ ጥያቄውም ቤቱ የምርት ወቅትን ከማራዘሙ ባሻገር አፈርንና ውሃን ይጠብቃል ወይ የሚል ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ጥያቄ ለባሌ ደጋ ያነሣል። መከራከሪያውም ዳሱ በራሱ የጥበቃ ሥራ አይደለም፤ ውጤቱን በዋናነት የሚወስነው ከጣራው የሚወርደው ውሃ መድረሻ ነው የሚል ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ሮቤና ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢና ከዚያም ከፍ ብለው ይገኛሉ። ስንዴና ገብስ በስፋት የሚመረቱበት ይህ ደጋ በዓመት ሁለት የምርት ወቅቶች አሉት፤ «ገና» ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ «ቦና» ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ። በቦና ማብቂያ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱን የሚወርደው ውርጭ እንደ ቲማቲምና ቃሪያ ያሉትን ብርድ የማይችሉ ተክሎች ይጎዳል። ዳሱ ቀን ሙቀት ያጠራቅማል፤ ሌሊት ግን አንድ ንብርብር ፕላስቲክ የሚሰጠው ከለላ ከጥቂት ዲግሪ አይበልጥም።

ውሃ

ዳሱ ነፋስንና ትነትን ስለሚቀንስ ውሃ ይቆጥባል ይባላል። ይሁን እንጂ ዝናብንም ያግዳል። ስለዚህ በዝናብ ይለማ የነበረው መደብ ሙሉ በሙሉ የመስኖ መደብ ይሆናል። 6 ሜትር ስፋትና 30 ሜትር ርዝመት ያለው ዳስ 180 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብበት 3,600 ሊትር ውሃ ከሁለቱ ጎኖች ይወርዳል። ተክሉ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ብንል፣ ይህ የአምስት ቀን ፍጆታ ነው። በአሸንዳ ተቀብሎ በጉድጓድ ወይም በታንከር ቢጠራቀም ከወንዝ የሚቀዳውን ይተካል፤ ቢለቀቅ ግን ተዳፋቱን ቦርቡሮ የጎረቤትን ማሳ ያጥባል።

አፈርና ተባይ

በዳሱ ውስጥ የዝናብ ጠብታ አፈሩን አይመታም፤ ማዳበሪያውም በጎርፍ አይታጠብም። ሆኖም ጨውን ወደ ታች የሚያወርድ ዝናብ ስለሌለ፣ በማዳበሪያና በመስኖ ውሃ የሚገባው ጨው በላይኛው አፈር ሊከማች ይችላል። ፕላስቲኩን በየወቅቱ አንሥቶ መሬቱን ለዝናብ መግለጥ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ቅጠል ደረቅ መሆኑ እንደ ዋግ ያሉ የሻጋታ በሽታዎችን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን ለነጭ ዝንብና ለቀይ ሸረሪት ይመቻል። ስለዚህ የኬሚካል ርጭት መቀነሱ በቆጠራ እንጂ በግምት ሊነገር አይገባም።

የግምገማ ሐሳብ

አንድ ዓይነት ሰብል በዳስ ውስጥና በግልጥ ማሳ ጎን ለጎን ተዘርቶ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በሁለቱም ወቅቶች የሚከተሉት ቢመዘገቡ ፍርዱ ይጠራል፦

1. ለአንድ ኪሎ ምርት ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ በሊትር፤
2. በየወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ የአፈሩ የጨው መጠን፤
3. የርጭት ብዛትና መጠን፤
4. ከጣራው ጠርዝ በታች የታጠበ አፈር፤
5. የፕላስቲኩ ዕድሜና ካረጀ በኋላ የት እንደ ተጣለ።

ማጠቃለያ

ከባሌ ተራሮች የሚፈልቁ ወንዞች የቆላውን አርብቶ አደርና ከብቱን ያጠጣሉ፤ በደጋው ያለ ልክ የሚቀዳ ውሃ ከዚያ ድርሻ ይቀነሳል። ለጎባ ውርጭ የሚበጀው ፕላስቲክም ወደ ቆላው ዝቅ ባለችው ብድሬ ተክሉን በሙቀት ሊጎዳ ይችላል፤ በዚያ የሚያስፈልገው ጥላ ነው። ስለዚህ ዳስ ለማስፋፋት የሚወጣ ማንኛውም ዕቅድ አሸንዳውንና የውሃ ማጠራቀሚያውን እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ ዳሱ አካል ቆጥሮ በጀት ሊይዝላቸው ይገባል።