የውሻ የክርን ሕመምን በራጅ መለየት፦ ከደብረ ኤልያስ ወረዳ አንጻር የቀረበ አጭር ዳሰሳ

በፊት እግሩ የሚያነክስ ውሻ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሕመሙን ቦታ ወዲያው መጠቆም ብዙ ጊዜ አይቻልም። እሾህ መዳፉን ወግቶት ሊሆን ይችላል፤ ትከሻውም ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ከፊት እግር ሕመሞች መካከል ሳይታወቅ ረጅም ጊዜ ከሚቆዩት አንዱ የክርን መገጣጠሚያ ሕመም ነው። በተለይ ሁለቱን ክርኖች በአንድነት ሲይዝ ውሻው አንዱን እግር ለይቶ ስለማያነክስ ባለቤቱ «ሰነፈ» ወይም «አረጀ» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ሕመም የተጻፈው አብዛኛው ጥናት ላብራዶርን፣ ሮትዋይለርን፣ ጀርመን ሼፐርድንና በርኒዝ ማውንቴን ዶግን የመሳሰሉ ግዙፍና ፈጥነው የሚያድጉ ዝርያዎችን ይመለከታል። ይህ ዳሰሳ ያንን እውቀት በምሥራቅ ጎጃም ዞን በደብረ ኤልያስ ወረዳ ደጅና ከብት ከሚጠብቀው ውሻ ጋር ያገናዝባል። ራጅ የሚረዳው ከመነሣቱ በፊት ጥያቄው በትክክል ሲቀመጥ ነው፤ ለደብረ ኤልያስ ውሻ የሚቀመጠው ጥያቄም በመማሪያ መጻሕፍት ከሚገኘው ይለያል።

የመገጣጠሚያው አሠራርና የሕመሙ መነሻ

ክርን ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው፤ ከላይ ሂውመረስ የተባለው የክንድ አጥንት፣ ከታች ደግሞ ራዲየስና አልና። የቆመ ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ፣ በነዚህ አጥንቶች መካከል የሚፈጠር ጥቂት ሚሊሜትር ያለመመጣጠን እንኳ ሸክሙን በአንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል።

የክርን ዲስፕላዥያ የሚለው ስያሜ የአራት የእድገት ጉድለቶች መጠሪያ ነው። አንኮኒያል የተባለው የአልና ጉጥ ከአጥንቱ ጋር ሳይዋሐድ ይቀራል፤ ወይም ኮሮኖይድ የተባለው ውስጠኛ ጉጥ ይሰነጠቃል፤ ወይም የሂውመረስን ውስጠኛ ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ይላቀቃል፤ ወይም ራዲየስና አልና እኩል አያድጉም። ምልክቱ በአብዛኛው ከ4 እስከ 10 ወር ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ለሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ዝንባሌ ዋናው ምክንያት ሲሆን፣ ፈጣን እድገትና ከመጠን ያለፈ ምግብ ያባብሱታል።

የደብረ ኤልያስ ውሻ ከዚህ ሥዕል ጋር ብዙ አይገጥምም። መካከለኛ ቁመና ያለው፣ ለግዝፈት ተመርጦ ያልተራባ፣ ከቤተሰብ ማዕድ በሚተርፈው የሚያድር እንስሳ ነው። ዲስፕላዥያ ፈጽሞ አይይዘውም ባይባልም፣ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው የውጭ ጉዳት ነው። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀ ሀገር ነው፤ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር በትር ለምን እንደሚይዝ ለጎጃም አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ላይ የእረኛ ድንጋይ፣ የመኪና ግጭት፣ ከጅብና ከሌላ ውሻ ጋር መናከስ ይጨመራል።

በጉዳት ረገድ በቂ ትኩረት ያላገኘ አንድ ነገር አለ። በቡችላነት የሚደርስ ምት ክርኑን ሳይነካ ክርኑን ሊያሳምም ይችላል። አልና የሚረዝመው በአብዛኛው በታችኛው ጫፉ፣ ከእጅ አንጓው በላይ ባለው የእድገት ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ ቅርጹ እንደ ሾጣጣ ስለሆነ ከጎን ሲመታ ይጨፈለቃል፤ ከተጨፈለቀም ያለጊዜው ተዘግቶ እድገቱን ያቆማል። ራዲየስ ግን ማደጉን አያቆምም። ያጠረው አልና እንደ ደጋን ገመድ ስለሚወጥረው ራዲየስ ይጎብጣል፣ መዳፉ ወደ ውጭ ይዞራል፣ የክርኑም መገጣጠሚያ ይዛነፋል። በ4 ወሩ የተመታ ቡችላ በ8 ወሩ ሲያነክስ ባለቤቱ ያን ምት ላያስታውሰው ይችላል። ስለሆነም በማደግ ላይ ያለ ውሻ ለክርን ሕመም ራጅ ሲነሣ የእጅ አንጓው በምስሉ መካተት አለበት፤ ክርኑ ብቻ ከተነሣ ውጤቱ ይታያል፣ መንሥኤው ግን ከምስሉ ውጭ ይቀራል።

ከራጅ በፊት

የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት ሀገር አካሄዱ የተለወጠ ውሻ ከመነካቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። በሽታው በሽባነት መልክ ሲመጣ የእግር መድከም ሊያሳይ ይችላል። ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መንጋጋው ከወደቀ ወይም ባልታወቀ ውሻ ተነክሶ ከነበረ የክርን ምርመራው ይቆይ። አፉ በጨርቅ መታሰሩ ከንክሻ ይከላከላል እንጂ ከለሃጭ አይከላከልም።

ይህ ከተጣራ በኋላ ውሻው በደልዳላ መሬት ላይ ይራመድ። የታመመውን የፊት እግር ሲረግጥ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፣ ደኅናውን ሲረግጥ ዝቅ ያደርጋል። በዲስፕላዥያ የተያዘ ውሻ ብዙ ጊዜ ክርኑን ወደ ደረቱ አስጠግቶ መዳፉን ወደ ውጭ አዙሮ ይቆማል። ከዚያ ክርኑ በዝግታ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ በውስጠኛው ጎን በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሻው እግሩን ቢነጥቅ ሕመሙ ከኮሮኖይድ አካባቢ መሆኑ ይጠረጠራል። መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ይህን ያህሉን በእጁ ብቻ ማወቅ ይችላል።

ምስሉን ማንሣትና ማንበብ

ለክርን አንድ ምስል አይበቃም። የመጀመሪያው ክርኑ 45 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ከጎን የሚነሣው ነው። መታጠፉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሳይታጠፍ ሲነሣ የሂውመረስ ውስጠኛ ጉብታ በአንኮኒያል ጉጥ ላይ ይደረባል፣ የእድገት መስመሩም ስንጥቅ መስሎ ያሳስታል። ሁለተኛው ከፊት ወደ ኋላ፣ እግሩ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ዞሮ የሚነሣው ነው፤ የሂውመረስ ውስጠኛ ጫፍ የሚታየው በዚህ ነው። ያልታመመው ክርንም ለማነጻጸሪያ ይነሣል። ውሻው በማረጋጊያ መድኃኒት ይተኛል፤ እግሩ የሚያዘው በገመድና በአሸዋ ከረጢት እንጂ በሰው እጅ አይደለም። የእርሳስ ሽርጥ የሚያግደው የተበተነውን ጨረር ነው፤ በቀጥታ የሚመጣውን አይመልስም።

በንባብ ጊዜ ዕድሜ ይቅደም። አንኮኒያል ጉጥ በግዙፍ ዝርያዎች እስከ 20 ሳምንት ድረስ ላይዋሐድ ስለሚችል፣ ከዚያ በፊት የታየ ክፍተት ሕመም ተብሎ አይመዘገብም። የተሰነጠቀ ኮሮኖይድ በራጅ በቀጥታ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው፤ ራዲየስ ይደረብበታል። አንባቢው የሚታመነው በተዘዋዋሪ ምልክቶች ነው፤ የአልና ጎድጓዳ ክፍል ከሥሩ ነጥቶና ጠጥሮ ይታያል፣ የኮሮኖይዱ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ በአንኮኒያል ጉጥ ጀርባ ትርፍ አጥንት ያቆጠቁጣል።

በ1989 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የክርን ጥናት ቡድን ደረጃ የሚሰጠው በዚሁ ትርፍ አጥንት መጠን ነው። ምንም የሌለው 0፣ ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆነው 1፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር 2፣ ከ5 በላይ ወይም ዋናው ጉድለት ራሱ በግልጽ የታየበት 3 ይባላል። ይህ መለኪያ የተዘጋጀው ዕድሜያቸው ቢያንስ 12 ወር የሞላ ውሾችን ለርባታ ለመምረጥ ነው። ለአንድ የደብረ ኤልያስ ጠባቂ ውሻ ደረጃው ብዙ ላይነግር ይችላል፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሕመሙ ብርቱ የሆነበት፣ ቁጥሩም ትልቅ ሆኖ ውሻው የሚሮጥበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የሚያሳስበው ንጹሕ የሚመስለው ምስል ነው። ራጅ አጥንትን እንጂ ልም አጥንትን አያሳይም፤ መግል የያዘ መገጣጠሚያም በአጥንቱ ላይ ለውጥ እስኪያሳይ አንድ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። «ራጁ ደኅና ነው» የሚለው ቃል ክርኑ ደኅና ነው ተብሎ ከተተረጎመ፣ በንክሻ የተመረዘ መገጣጠሚያ ሊድን በሚችልበት ሳምንት ያለ ሕክምና ይቀራል። ሲቲ ስካን የኮሮኖይድን ስንጥቅ ከራጅ በእጅጉ ይልቅ ያሳያል፤ ሆኖም ለአብዛኛው የሀገራችን ውሻ የሚታሰብ አይደለም።

ማን ይላክ?

በወረዳ ደረጃ ባሉ የእንስሳት ጤና ጣቢያዎች ራጅ የተለመደ መሣሪያ አይደለም። የእንስሳት ሕክምና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚሰጥባቸው ጎንደርና ቢሾፍቱ ደግሞ ለደብረ ኤልያስ ገበሬ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው የምስሉ ውጤት ሕክምናውን ይለውጣል ወይ የሚለው ነው።

ክርኑ የወለቀ ውሻ ቀን አይሰጥም። ራዲየስና አልና በአብዛኛው ወደ ውጭ ይወልቃሉ፤ ውሻው እግሩን አጥፎ መዳፉን ወደ ውጭ አዙሮ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በማደንዘዣ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል፤ ሲዘገይ ዕድሉ ይጠብባል። ወጌሻ ቢጠራ እንኳ ስብራት አለመኖሩ ሳይታወቅ መጎተቱ አደገኛ ነው። ከከፍታ ዘሎ በድንገት እግሩን ያነሣ የ4 ወር ቡችላም እንዲሁ ይላክ፤ የሂውመረስ ውጫዊ ጫፍ መሰበር በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ ከጎን በተነሣ ምስል ብቻም ሊያመልጥ ይችላል። በአንጻሩ ለዓመታት ያነከሰ፣ ክርኑ የደነደነ አሮጌ ውሻ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ቢሄድ ራጁ የሚነግረው በእጅ የታወቀውን ነው። ለርሱ ሩጫን መቀነስ፣ ክብደቱን መጠበቅ፣ በሐኪም የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ መስጠት ይበቃል፤ የሰው ማስታገሻ ግን አይሰጠው፣ አይቡፕሮፌን ውሻን ይመርዛል።

በመካከል ያለው በእጅ አንጓው ላይ የተመታ፣ ነገር ግን አጥንቱ ገና ቀጥ ያለ ቡችላ ነው። የእድገት ሰሌዳው መጨፍለቅ በምቱ ዕለት በሚነሣ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቡችላ በየሁለት ሳምንቱ ከፊት ለፊት በእጅ ስልክ ፎቶ ማንሣትና ሁለቱን እግሮች ማነጻጸር ወጪ የለውም። መዳፉ ወደ ውጭ መዞር የጀመረ ዕለት የጎንደር መንገድ ዋጋ ያገኛል፤ አልናን በቀዶ ሕክምና ከውጥረት ማላቀቅ የሚረዳው ውሻው ገና እያደገ ሳለ ነውና።