መዳፍዎ ጠንክሮ ያማል? ምላጩን ያስቀምጡት!



ባለፈው ታኅሣሥ ዘመድ ልጠይቅ አንኮበር ሄጄ ነበር። ወቅቱ የገብስ አጨዳ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ አጥንት ይሰብራል። አንድ የጎረቤት አባት ቀኝ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡና «ልጄ፣ ማጭድ መጨበጥ አቃተኝ» አሉኝ። ጨርቁን ስፈታው መዳፋቸው አብጦ፣ ቀልቶ፣ መግል ይዟል። ለካ የጠነከረው ቆዳ ሲያማቸው በምላጭ ልጠውት ኖሯል! በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ቁስሉ ታጠበ፣ መድኃኒትና የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ተሰጣቸው። እጃቸው ድኗል፤ የዚያን ዓመት ገብስ ግን ያጨደላቸው ደቦ ነው።

ቆዳው ለምን ይጠነክራል?

ቆዳችን ፍትጊያና ጫና ሲደጋገምበት ራሱን ለመከላከል የላይኛውን ክፍል ያወፍራል። በሕክምና ካለስ እንለዋለን። በራሱ በሽታ አይደለም፤ ጋሻ ነው። ከመጠን በላይ ሲወፍር ግን ሥሩ ያለውን ሥጋ ተጭኖ ያማል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ብርድና ደረቅ አየር ያብሱታል። ከተማ ሆናችሁ ጂም ብረት የምታነሱ፣ አናጺዎችና መካኒኮችም ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

ሕመሙን ለማስታገስ

1. እጅን ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ።
2. የለሰለሰውን ቆዳ በተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ ቀስ ብሎ ማሸት። ዓላማው ማሳሳት እንጂ ነቅሎ መጨረስ አይደለም፤ ካመመዎ ያቁሙ።
3. አድርቆ ወዲያው ቫዝሊን መቀባት፤ ማታ ከላይ የጥጥ ጓንት ወይም ንጹሕ ካልሲ ማጥለቅ።
4. በጣም ከወፈረ ፋርማሲ ዩሪያ ያለበት ቅባት አለ። ማዳበሪያውን ማለቴ አይደለም፣ አደራ!

እንዳይመለስ

መንስኤው ካልተነካ ቆዳው ተመልሶ ይወፍራል። የማጭዱን ወይም የዶማውን እጀታ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ጨርቅ ጠምጥሙበት። በልክ የሆነ የሥራ ጓንት አድርጉ። መሣሪያውን አጥብቆ መጨበጥም ፍትጊያውን ይጨምራል፤ እጃችሁን በየመሐሉ አሳርፉ።

ኪንታሮት እንዳይሆን!

ካለስ ቀጥታ ሲጫኑት ያማል፤ የቆዳው መስመሮችም በላዩ ላይ ይታያሉ። ኪንታሮት ግን መስመሩን ያቋርጣል፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ሊኖረው ይችላል፣ ከጎንና ከጎን ሲቆነጥጡት ያማል። ሕክምናውም ይለያያል።

ሐኪም ጋ መቼ?

መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ዛሬውኑ ይሂዱ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ የጠነከረውን ቆዳ ራስዎ አይንኩት። እጅዎ ከደነዘዘ፣ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ካልተሰማዎ፣ «ቆዳው ስለጠነከረ ነው» ብለው አይለፉት። ሥጋ ደዌን ጨምሮ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ሥጋ ደዌ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ የወላጆቻችሁን መዳፍ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ቫዝሊንና አንድ ጥንድ የሥራ ጓንት ጨምሩበት። ያሳደገን ያ እጅ ነው።

ለሌሎችም ይጠቅማልና ያጋሩት።