በደባርቅና በዳባት ደጋ የናፍጣ ወፍጮ ሞተር ማቀዝቀዣና የጢስ መውጫ ይሻሻል ወይስ ይቅር ለሚል ጥያቄ የተሰጠ ትምህርት

ወፍጮ የእርሻ ሥራ ፍጻሜ ነው። ገበሬው ገብሱንና ስንዴውን አምርቶ ጎተራ ቢከትም፥ እህሉ ዱቄት ካልሆነ እንጀራ አይሆንም። በደባርቅና በዳባት ዙሪያ፥ የመብራት ኃይል ባልደረሰበት ገጠር፥ ይህን ሥራ የሚሠራው የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ በሙቀት ተበላሽቶ የቆመ እንደ ሆነ ሴቶች ወደ እጅ ወፍጮ ይመለሳሉ፥ ወይም እህል ተሸክመው ሩቅ መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ባለ ወፍጮው «ማቀዝቀዣውንና የጢስ መውጫውን ልለውጥ፥ ገንዘብ ይፈቀድልኝ» ብሎ በቀረበ ጊዜ፥ ሹሙ ወይም ባለ መሬቱ ነገሩን መርምሮ ይወስን ዘንድ ይህ ትምህርት ተጽፏል።

በመጀመሪያ የአገሩን ከፍታ ማወቅ ይገባል። ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፥ ዳባት 2,600 ሜትር ገደማ፥ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል። በምጽዋ ባሕር ዳርቻ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በደባርቅ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአየሩም ክብደት ከባሕር ዳርቻው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል፤ ውኃው ቶሎ ይፈላል፥ ሞተሩም ናፍጣውን አቃጥሎ የሚጨርስበት አየር ያንሰዋል። በባሕር ወለል 20 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተርቦ የሌለው ሞተር፥ በደባርቅ 15 ያህል ብቻ ይሰጣል።

የጀልባ ሞተርና የወፍጮ ሞተር በአሠራር ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን የጀልባ ሞተር ከሐይቁ ውኃ እየሳበ ቀዝቅዞ መልሶ ማፍሰስ ይችላል፤ በዚያው ውኃ የጢሱን ቧንቧ ማብረድ ይቻላል። በደጋ የቆመ ወፍጮ ግን ያለው ውኃ በሰውና በአህያ ጀርባ የመጣው ብቻ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከሙቀቱ ሩብ እስከ ሢሶ የሚሆነውን የማቀዝቀዣው ውኃ ይቀበላል። ይህ ሙቀት በመፍላት ብቻ የሚወጣ ከሆነ 4 ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት ይጠፋል። እንግዲህ በቀን 20 ሊትር ናፍጣ የሚያቃጥል ወፍጮ እስከ 80 ሊትር ውኃ፥ ማለት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠጣል። በበጋ ምንጭ ሲጎድል ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ገንዘብ ከመፈቀዱ በፊት የሚከተለው ይመርመር።

1ኛ፤ ለአንድ ሳምንት የተቃጠለው ናፍጣና የተጨመረው ውኃ በየቀኑ ይጻፍ። ለአንድ ሊትር ናፍጣ ከ4 ሊትር እጅግ የሚበልጥ ውኃ ከጠፋ፥ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም የተበላ ጓርኒሲዮን አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ በቅድሚያ ይጠገን።

2ኛ፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው የውኃ መተላለፊያ ይታይ። ጨው ያለበት ውኃ እየፈላ ሲኖር እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቅርፊት ይተዋል፤ ቅርፊቱም ሙቀቱን ወደ ውኃው እንዳይሻገር ይከለክላል። ይህ ሳይጠረግ የሚገዛ አዲስ ራዲያተር ከንቱ ወጪ ነው።

3ኛ፤ የጢሱ ቀለም ይታይ። ጥቁር ጢስ ናፍጣው ከአየሩ እንደ በዛ፥ ሰማያዊ ጢስ ዘይት እንደሚቃጠል ያመለክታል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ነጭ ጢስ የማያቋርጥ ከሆነ ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ፍርዱ እንዲህ ይሁን። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ውኃው ሁልጊዜ የሚፈላና ምንጩ የራቀ ከሆነ፥ ውኃውን እያዞረ የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር ከነማራገቢያው ይፈቀድ። ነገር ግን ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድምና ለቆላ ከሚበቃው ተለቅ ያለ ይመረጥ። የጢስ መውጫው በጥላሸት የታፈነ፥ ብዙ የታጠፈ ወይም የጠበበ ከሆነ ይጠረግ፥ ይቃና፥ ይስፋ። ቧንቧው በረዘመ መጠን መስፋት እንደሚገባው አይዘንጋ። የጢስ መውጫ መለወጥ ግን ከፍታ የወሰደውን ጉልበት አይመልስም። ጥቁር ጢስ የሚያወጣውን ሞተር በባለሙያ የናፍጣውን ልክ ማስቀነስና የወፍጮውን ጭነት ማቅለል ይሻላል። የመብራት መስመር በቅርብ የሚደርስ ከሆነም ገንዘቡ ለኤሌክትሪክ ሞተር ቢቆይ ይመረጣል፤ እርሱ ውኃም ጢስም የለውምና።

ስለ ሰው ደኅንነት ደግሞ ቸል የማይባል ነገር አለ። በጢሱ ውስጥ ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ ይገኛል። ስለዚህ ቧንቧው ከቤቱ ውጭ፥ ከሣር ክዳንም ርቆ ይውጣ። ይህ ሥራ የጉልበት ትርፍ ባይሰጥም፥ ተራ የሚጠብቁትን እናቶችና ሕፃናት ስለሚያድን ከሁሉ አስቀድሞ ይፈቀድ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈት፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስስ ብረቱ ይሰነጠቃል። ውርጭ በሚወርድበት ወራትም ማታ ማታ ውኃው ይቀዳ፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ከመጠኑ ዘጠኝ በመቶ ያህል ሰፍቶ ሲሊንደሩን ሊያፈነዳው ይችላል።

በጠቅላላው፥ አስቀድሞ መመርመር፥ ቀጥሎ መጥረግና መጠገን፥ በመጨረሻ መግዛት ይገባል። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሹም የሕዝቡን ገንዘብ ያድናል፥ ወፍጮውም ሳይቆም ይሠራል።