ከማረሻው በታች ያለው የማን ነው?
ስለ ጋዝ ኪራይ ውል አጭር ጥናት

አንድ ሰው የመሬት ባለቤት ነው ስንል ባለቤትነቱ እስከ ምን ድረስ ወደ ታች ይወርዳል? ማረሻው እስከሚደርስበት ነውን? ወይስ እስከ ምድር ከርሥ ነው? በእኛ ዘንድ ስለ መሬት ይዞታ ያልተከራከረ ተማሪ ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም ክርክራችን የሚያተኩረው በሚታረሰው አፈር ላይ ነው፤ ከአፈሩ በታች ስላለው ሀብት ግን ብዙ አልተባለም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ በተራ ገበሬ ደጃፍ ላይ የተፈተነበትን አንድ አገር ወስደን እንመርምር። አገሩ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘው የፔንሲልቬኒያ ግዛት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአብዛኛው ዓለም ከምድር በታች ያለ ማዕድን የመንግሥት ነው። በአሜሪካ ግን በግል መሬት ሥር ያለው ነዳጅና ጋዝ በመሠረቱ የባለ መሬቱ ነው። ባለ መሬቱ ላዩን ሸጦ ታቹን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል፤ ታቹን ሸጦ ላዩን ማረስም ይችላል። ስለዚህ አንዱ የሚያርሰው ማሳ ከበታቹ የሌላ ሰው ሀብት ሆኖ ይገኛል። አያት በሸጡበት ሰነድ ላይ የጻፏት አንዲት ቃል ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆችን ታካስሳለች። የፔንሲልቬኒያ ፍርድ ቤት በ1882 በወሰነው መሠረት፣ ሻጩ በሰነዱ ላይ «ማዕድናቱን ለራሴ አስቀርቻለሁ» ብሎ ቢጽፍ ዘይቱን በስሙ ካልጠራው በስተቀር ለራሱ እንዳስቀረው አይቆጠርም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ደንብ በ2013 ለሼል ጋዝም አጸና። እንግዲህ የባለ መሬቱ የመጀመሪያ ሥራ የኩባንያውን ውል ማንበብ ሳይሆን የራሱን የርስት ሰነድ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ መመርመር ነው።

ሼል የተባለው ድንጋይ ከጥንታዊ ባሕር ጭቃ የተጠቀጠቀ፣ ስስ ስስ ሆኖ የተነባበረ ድንጋይ ነው። በፔንሲልቬኒያ ሥር የተዘረጋው የማርሴለስ ሼል ከ380 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው፤ በብዙ ቦታም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ይገኛል። ጋዝ እንዳለበት ድሮም ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ድንጋዩ ጥብቅ ስለ ሆነ ጋዙን አይለቅም። ፔንሲልቬኒያ ለነዳጅ እንግዳ አገር አይደለችም፤ በ1859 ድሬክ የተባለው ሰው በታይተስቪል ዘይት ያገኘው 21 ሜትር ያህል ብቻ ቆፍሮ ነው። አዲስ ነገር የመጣው ከቴክሳስ ነው። በዚያ በባርኔት ሼል ላይ የጆርጅ ሚቸል ኩባንያ በ1990ዎቹ ዓመታት ውኃና አሸዋ በከፍተኛ ግፊት እየነዛ ድንጋዩን መሰንጠቅ ተሳካለት። ቀጥሎም ጉድጓዱን ከጥልቀቱ ላይ አጥፎ አግድም በድንጋዩ ውስጥ የመቆፈር ዘዴ ተጨመረበት። በ2004 ድንጋዩን በውኃና በአሸዋ የመሰንጠቁ ዘዴ በደቡብ ምዕራብ ፔንሲልቬኒያ፣ በዋሽንግተን አውራጃ ተሞክሮ ውጤት ሰጠ። በ2008 መጀመሪያም ቴሪ ኢንግልደርና ጋሪ ላሽ የተባሉ ሁለት የሥነ ምድር ሊቃውንት በማርሴለስ ውስጥ ያለው ጋዝ ቀድሞ ከተገመተው እጅግ እንደሚበልጥ አስታወቁ። ከዚያ ወዲያ የኩባንያ ወኪሎች ውል በብብታቸው ይዘው ከቀድሞው ይበልጥ በብዛት ከእርሻ እርሻ ይዞሩ ጀመር።

አሁን አንድ ባለ ላም ገበሬ እናስብ። መሬቱ 80 ኤከር ነው እንበል፤ ይህም 32 ሄክታር ያህል ስለ ሆነ ከአንድ ጋሻ ጥቂት ያነሰ ነው። የወተት ዋጋ ወርዷል፤ የባንክ ዕዳ አለበት፤ ልጆቹ ወደ ከተማ ሄደዋል። ወኪሉ ወጥ ቤት ገብቶ ቡና እየጠጣ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። «ጎረቤትህ ፈርሟል፤ አንተ ብትቀር ገንዘቡ ያልፍሃል» ይለዋል። ገበሬው የማሳውን እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቃል፤ ከበታቹ ያለውን ግን የሚያውቀው ወኪሉን የላከው ኩባንያ ነው። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ያለው እዚህ የዕውቀት ልዩነት ላይ ነው። እንግዲህ ውሉን በየክፍሉ እንየው።

አንደኛው የፊርማ ገንዘብ ነው። ይህ በኤከር ተሰልቶ አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። በፔንሲልቬኒያ ቀድመው የፈረሙት ብዙዎች በኤከር ከመቶ ዶላር በታች ተቀበሉ፤ ጥቂት ቆይተው የፈረሙት ደግሞ በየስፍራው ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ አገኙ። በኤከር 50 ዶላር የተቀበለ ባለ 80 ኤከር ገበሬ 4,000 ዶላር ሲያገኝ፣ በ2,500 የፈረመው ጎረቤቱ 200,000 ዶላር ያገኛል። መሬቱ አንድ፣ ድንጋዩም አንድ ነው፤ የተለያየው ወሬውን የሰሙበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። ውሉ ብዙውን ጊዜ «አምስት ዓመት» ይላል፤ ገበሬውም ለአምስት ዓመት ያከራየ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀጥሎ «ከዚያም በኋላ ጋዝ እስከ ወጣ ድረስ» የሚል ሐረግ አለ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጋዝ ከሰጠ ውሉ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ያረጀ ትንሽ ጉድጓድ ጥቂት ጋዝ እየሰጠ በመቀጠሉ ብቻ አባት የፈረሙት የድሮ ውል ያልሞተባቸውና አዲስ ውል መዋዋል ያልቻሉ ወራሾች ነበሩ። ስለዚህ ብልኅ ባለ መሬት ሁለት ቃል ያስጨምራል፤ አንደኛ፣ ጉድጓድ ያልነካው የመሬቱ ክፍል ዘመኑ ሲያልቅ ይለቀቅልኝ ይላል፤ ሁለተኛ፣ ከተቆፈረው ድንጋይ በታች ያለው ሌላ ድንጋይ በዚህ ውል አይታሰር ይላል። ይህ ሁለተኛው ቃል የሚጠቅመው ከማርሴለስ በታች ዩቲካ የተባለ ሌላ ባለ ጋዝ ሼል ስለሚገኝ ነው።

ሦስተኛው ሮያሊቲ፣ ማለት ከሽያጩ ለባለ መሬቱ የሚደርሰው ድርሻ ነው። የፔንሲልቬኒያ የ1979 ሕግ ይህ ድርሻ ከአንድ ስምንተኛ እንዳያንስ ያዛል። ታዲያ የገበሬውን ሒሳብ እንሥራ፤ ቍጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። አንድ የጋዝ ክልል 640 ኤከር ይዟል እንበል። ገበሬው 80 ኤከር ስላለው የክልሉ አንድ ስምንተኛ የእርሱ ነው፤ ከዚህም ላይ ሮያሊቲው አንድ ስምንተኛ ስለ ሆነ የሚደርሰው ከስድሳ አራት አንድ ነው። በወር የ640,000 ዶላር ጋዝ ቢሸጥ 10,000 ዶላር ያገኛል። ኩባንያው ለማጓጓዝና ለማጣራት 160,000 አወጣሁ ብሎ ቢቀንስ ግን ድርሻው 7,500 ይሆናል። ይህ ቅነሳ ይገባል ወይስ አይገባም? የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ጋዙ ከጉድጓድ ከወጣ በኋላ የሚወጣውን ወጪ መቀነስ ከ1979ኙ ሕግ ጋር አይጋጭም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ቅነሳውን የሚከለክል ቃል በውሉ ላይ ያላስጻፈ ሰው በሕጉ ብቻ ተመክቶ አይድንም።

ከዚህም ሌላ የሼል ጉድጓድ ጋዙን የሚሰጠው መጀመሪያ ላይ አብዝቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርቱ ከግማሽ በላይ ይወርዳል። ዋጋም እንዲሁ አይጸናም። በ2008 በጋ አንድ የጋዝ መለኪያ፣ ማለት አንድ ሚሊዮን ቢቲዩ፣ ከ12 ዶላር በላይ ሲያወጣ በ2012 ጸደይ ከ2 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በምሳሌያችን ምርቱም ዋጋውም በግማሽ ቢወርዱ የገበሬው 10,000 ዶላር፣ ወጪው ገና ሳይቀነስ፣ 2,500 ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ቼክ ተማምኖ ትራክተር በዱቤ የገዛ ሰው የት ይገባል?

አራተኛው የውኃና የግቢ ነገር ነው። ጉድጓዱ የት ይቆፈራል? መኪናው በየት ያልፋል? አጥሩን ማን ያድሳል? እነዚህ ሁሉ ካልተጻፉ ለኩባንያው ምቾት ይተዋሉ። በ2009 መባቻ በዲሞክ ቀበሌ የአንድ መኖሪያ ቤት የውኃ ጉድጓድ በሚቴን ጋዝ ፈነዳ፤ የግዛቱም ባለሥልጣኖች ጋዙ ከአካባቢው የጋዝ ጉድጓዶች ያመለጠ ነው ብለው ደመደሙ። በ2012 የወጣው ሕግ ከጋዝ ጉድጓዱ በ2,500 ጫማ ውስጥ ያለ የውኃ ጉድጓድ በአሥራ ሁለት ወር ጊዜ ቢበከል ጥፋቱ የቆፋሪው ነው ብሎ ይገምታል። ነገር ግን ኩባንያው ውኃው ቀድሞ የተበከለ እንደ ነበረ ካስረዳ ግምቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር ውኃውን በገለልተኛ ሰው አስመርምሮ ወረቀቱን በሣጥን ማኖር ከብዙ ጠበቃ ይበልጣል።

«እንዲህ ከሆነ አለመፈረም ይሻላል» የሚል ይኖር ይሆናል። እርሱም ቢሆን ቀላል መንገድ አይደለም። በአሜሪካ የቆየው የነዳጅ ሕግ አንድ ሰው በራሱ መሬት ቆፍሮ ያወጣው ጋዝ ከጎረቤት ሥር ፈስሶ የመጣ ቢሆንም የእርሱ ነው ይላል። የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ይህ ደንብ ድንጋዩ ተሰንጥቆ ሲወጣም ይሠራል ብሏል፤ ደንቡ የማይሠራው ቆፋሪው በእርግጥ ወደ ጎረቤቱ መሬት ውስጥ መግባቱ ሲረጋገጥ ነው። ይህን ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ማን አይቶ ይመሰክራል? ከድንበር ማዶ ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት ብዙ ባለ መሬቶች የተሻለ ዋጋ ሲጠብቁ ቆዩ፤ መንግሥታቸው በ2014 መጨረሻ ላይ በብዙ ውኃ ድንጋይ መሰንጠቅን እንደሚከለክል አስታውቆ በ2015 አጸናው። አንዳንዱ ሀብቴ ተቀበረ ብሎ አዘነ፤ ሌላው ውኃዬ ተረፈ ብሎ ደስ አለው።

እንግዲህ ለገበሬው የቀረለት ኀይል ምንድን ነው? ከመፈረሙ በፊት ያለው ጊዜና ጎረቤቱ ናቸው። በፔንሲልቬኒያም በኒው ዮርክም ገበሬዎች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በትምህርት ቤት እየተሰበሰቡ፣ መሬታቸውን በብዙ ሺህ ኤከር አስተባብረው፣ በአንድ ጠበቃ በኩል መደራደር ጀመሩ። ለብቻው 80 ኤከር የያዘውን ሰው ወኪሉ ሊያልፈው ይችላል፤ አንድ ላይ የቆመ ወረዳ ግን አይታለፍም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን በእነርሱ ዘንድ እውነት ሆኖ የተሻለ ክፍያና የውኃ ጥበቃ አስገኘ። ፊርማው ከተቀመጠ በኋላ ግን የሚቀረው ክስ ብቻ ነው፤ ለክስ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ያለው ኩባንያው ነው።

ጓደኞቼ፣ ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ ሊመስል ይችላል። በእኛ አገር ባለ ብዙ ጋሻ የነበረው ባላባት እንኳ የከርሠ ምድሩ ባለቤት አልነበረም፤ የ1955 ሕገ መንግሥት ከምድር በታች ያለውን ሀብት የመንግሥት አድርጎት ነበር። የ1995 ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬቱንም የተፈጥሮ ሀብቱንም የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ ጋዝ በተገኘበት ምድር ላይ ግመል የሚያረባው ሰው ዘንድ ማንም ውል ይዞ አይመጣም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ወደ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ግን አልተዛወሩም፤ ዘመኑ መቼ ያልቃል? ወጪው ከማን ድርሻ ይቀነሳል? ያልተቆፈረው ይለቀቃልን? ውኃውስ ቀድሞ ተመርምሯልን?

የፔንሲልቬኒያው ገበሬ ቢሳሳት የተሳሳተው በራሱ 80 ኤከር ላይ ነው። በሕዝብ ስም የሚፈርም ሰው ቢሳሳት ግን ዕዳው ጠረጴዛው አጠገብ ላልነበሩት ይተርፋል። ሕግ፣ ሥነ ምድርና ኢኮኖሚ የምንማር ተማሪዎች ነገ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል ነን፤ ስለዚህ «ከዚያም በኋላ» የምትለዋን ሐረግ ዛሬ ማንበብ እንልመድ።